ስንዴ የማይገባበት ወጥ ቤት

(ባለፈው እሁድ በስብሰባችን ላይ የተናገርኩት ነው። ቡሌቲኑ ላይ ይውጣ ስላላችሁኝ ጻፍኩት። ሳወራ የረሳሁትን እዚህ ጨምሬበታለሁ።)

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ደሞዝ አይደለም የማወራው፣ ስለ ፓስፖርትም አይደለም። ስለ ምግብ ነው። ባለፈው ጊዜ አንዷ እህታችን «ማዳሜ ሐኪም ጋ ሄዳ መጣችና የማይበላ ነገር ዝርዝር ሰጠችኝ፤ ይሄ የለም፣ ያ የለም፣ እኔ ምን ልሥራ» ብላ ስታለቅስ እኔ ሳቅሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ በአንቺ አይደለም የሳቅሁት። እኔም እንዲሁ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጬ ያለቀስኩት ትዝ ብሎኝ ነው።

የምሠራበት ቤት እዚሁ ቤሩት ነው። ማዳም፣ ሚስተር፣ የሚስተር እናት (ቴታ ነው የምንላት) እና ሁለት ልጆች አሉ። ትንሿ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ እጅና እግሯ ግን እንጨት ነው። ተቅማጥ አይለቃትም፣ ፊቷ ነጭ ነው። ቴታ «ስለማትበላ ነው» እያለች ዳቦ በላብኔ ጠቅልላ ጠቅልላ ታጎርሳታለች። እኔም አጎርሳት ነበር። በኋላ ደሟ ተመረመረ፣ ከዚያም በአፏ በኩል በቀጭን ቱቦ ከአንጀቷ ትንሽ ናሙና ተወሰደና በሽታው ታወቀ። ሲሊያክ ይባላል። ለካ ስናጎርሳት የነበረው ራሱ በሽታው ነው።

ማዳም ከሐኪም ቤት እንደመጣች ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ለእሷ ኾብዝ የለም።» እኔም «ሐዲር» አልኩ። ዳቦውን አስቀረሁ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ግማሹ ጥፋት የእነሱ፣ ግማሹ የእኔ ነው።

ለምን እንደሆነ በኋላ ያስረዳችኝ ለልጅቷ ምግብ የምታዝላት ሐኪም ናት፤ አንድ ቀን ማዳም ይዛኝ ሄዳ። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባል በአገራችን ብዙም በማናውቀው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። የስንዴ ሊጥ ስናሽ እንደ ማስቲካ የሚሳበው በእሱ ምክንያት ነው። ሲሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የገዛ አንጀቱን ያጠቃል። የትንሹ አንጀት ውስጥ፣ አለችኝ፣ እንደ ፎጣ ጸጉር አለው፤ ምግቡን የሚመጠው በዚያ ጸጉር ነው። ግሉተን ሲገባ ጸጉሩ እየታጨደ ፎጣው እንደ አንሶላ ልሙጥ ይሆናል። ያኔ ልጅቷ ብትበላም ምግቡ ለሰውነቷ አይደርስም፤ ደሟ ያንሳል፣ ቁመቷ አይጨምርም። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ዕድሜ ልክ እነዚያን እህሎች መተው ብቻ ነው። ስትተዋቸው ጸጉሩ ቀስ እያለ ይመለሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ይሄ ጀርም አይደለም። እኛ ንጹሕ አድርጊ ስንባል ቶሎ የሚመጣልን በረኪና ነው። በረኪና አይገድለውም፣ መቀቀልም መጥበስም አያጠፋውም። በሳሙናና በውሃ ፈትጎ ከዕቃው ላይ ማንሳት ብቻ ነው። መጠኑንም ልንገራችሁ። «ግሉተን የሌለው» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በዓለም አቀፉ ደንብ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። 20 ሚሊግራም በሁለት ጣት ጫፍ የምትቆነጥሩትን ጨው እንኳ አያህልም፤ ያውም ለአንድ ኪሎ። ስለዚህ የዳቦ ፍርፋሪ ያረፈበት የቅቤ ቢላዋ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን እዚህ አገር ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን አስቡት። ሩዝ ይፈቀድላታል ተባልኩ። እሺ፣ ግን ሩዝ እዚህ መቼ ብቻውን ተሠርቶ ያውቃል? መጀመሪያ ሻዕሪዬው በቅቤ ቡናማ እስኪሆን ይጠበሳል፣ ከዚያ ሩዙ ይጨመራል። ሻዕሪዬ ስንዴ ነው። እኔ ምን ሳደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ? ሩዙን ከሻዕሪዬው ለይቼ በማንኪያ እየለቀምኩ ለልጅቷ አቀርብላት ነበር! አንድ ሰዓት ሙሉ እየለቀምኩ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ።

ታቡሌ ቡርጉል አለበት። ኪቤ ቡርጉል ነው። ኪሽክ ቡርጉል በእርጎ ተቦክቶ የደረቀ ነው። ፍሪኬ ሳይደርስ ታጭዶ እሳት ያየ ስንዴ ነው። ሞግራቢዬ፣ ስሚድ፣ ሁሉም ስንዴ ነው። ስሙ ስለሚለያይ ለእኛ ሌላ ሌላ እህል ይመስለናል። ከዚያ ደግሞ የተደበቀው አለ፦ አንዳንዱ የሾርባ ኩብ፣ ሶያ ሶስ፣ የገብስ ማልት የገባበት ኮርንፍሌክስ፣ ርካሹ ዛዕተር ውስጥ መጠን ለማብዛት ተቆልቶ የሚፈጭ ስንዴ። ምስር እንኳ! ምስር ራሱ ደህና ነው፣ ግን በከረጢቱ ውስጥ የስንዴ ፍሬ ይገኛል። ምስር መልቀም ለእኛ አዲስ አይደለም፣ እናቶቻችን ሰፌድ ይዘው ያሳደጉን ነን። አሁን ነጭ ትሪ ላይ እየዘረጋሁ ሦስት ጊዜ እለቅማለሁ። አንድ ቀን ከአንድ ኪሎ ምስር አሥራ አንድ የስንዴ ፍሬ አወጣሁ፤ ቆጥሬ ለማዳም በሲኒ አሳየኋት።

ደስ የሚለው ግን ከዚህ አገር ምግብ ብዙው አይነካትም። ሑሙስ፣ ሙተበል፣ ፋሱልያ፣ በሩዝና በሥጋ የተሞላ ኩሳ፣ የወይን ቅጠል፣ ላብኔ፣ የተጠበሰ ዶሮ በድንች። ታቡሌውን ያለ ቡርጉል እሠራለሁ፤ ፓርስሊው በዝቶ ሲሠራ ልዩነቱን የምታውቀው ቴታ ብቻ ናት፣ እሷም በየጊዜው ትናገራለች።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ።

ሁለት ወር ሙሉ እየተጠነቀቅሁ ልጅቷ አልዳነችም። ሻዕሪዬውን ትቻለሁ፣ ቡርጉሉን ትቻለሁ። ሦስት አራት ቀን ደህና ትሆናለች፣ ከዚያ በድንገት ሆዷን ይዛ ስታለቅስ ታድራለች። አንድ ሌሊት ማዳም ወጥ ቤት ገብታ «አንቺ ነሽ! ተደብቀሽ ዳቦ ትሰጫታለሽ! ልጄን እየመረዝሽ ነው፣ ወደ መክተብ እመልስሻለሁ» አለችኝ። ወደ መክተብ መመለስ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እግሬ ከዳኝ። ያን ሌሊት ነው ወለሉ ላይ የተቀመጥኩት።

ያወጣኝ ደብተር ነው። ብልህ ሆኜ የጀመርኩት እንዳይመስላችሁ። ዝርዝሩ በዓረብኛ ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ እኔ ዓረብኛ መናገር እንጂ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ስለዚህ ማዳም ስታነብልኝ በአማርኛ ጻፍኩት። ደብተሩ ከተገዛ አይቀር ብዬ በየቀኑ ለልጅቷ የሠራሁትን ማታ ማታ እጽፍ ነበር። ጠዋት እንዲህ፣ ምሳ እንዲህ፣ ማታ እንዲህ። የታመመችበትን ቀንም በቀይ እስክሪብቶ።

ሌሊቱን እንባዬን ጠርጌ ደብተሩን ዘረጋሁት። አምስት ቀይ ቀን አለ። ከእያንዳንዱ ቀይ በፊት ያለውን ቀን አነበብኩ። አምስቱም ላይ የተጠበሰ ድንች አለ። ድንች! ድንች ውስጥ ስንዴ የለም። ታዲያ ምንድነው ብዬ ቀና ስል ዓይኔ ከምድጃው አጠገብ ካለው ብርጭቆ ማሰሮ ላይ አረፈ።

ጊዜው ሊራው የወደቀበት ነው። በፈረንጅ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ገንዘባቸው ሲረክስ የሁሉ ነገር ዋጋ እንዴት እንደወጣ፣ የእኛም ደሞዝ እንዴት እንደቀረ አትረሱትም። ቴታ የጦርነት ጊዜ ያየች ሴት ናት፤ ዘይት አይደፋም አለች። የተጠበሰበትን ዘይት አጥልላ በማሰሮ ታስቀምጣለች፣ ደግመን እንጠብስበታለን። በዚያው ዘይት ኢስካሎፕ ይጠበሳል። ኢስካሎፕ ደግሞ ዱቄትና የዳቦ ፍርፋሪ የለበሰ ዶሮ ነው። ማጥለያው ትልልቁን ፍርፋሪ ይይዛል፣ ደቃቁ ዱቄት ከዘይቱ ጋር ያልፋል። የልጅቷን ድንች በስንዴ ዘይት ስጠብስላት ኖሬአለሁ።

ጠዋት ለማዳም ደብተሩን አሳየኋት። አማርኛ አታነብም፣ እኔ ጣቴን እያስኬድኩ በዓረብኛ ነገርኳት፤ ሰኞ እንዲህ፣ ማክሰኞ እንዲህ። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ለሐኪሟ ደወለች፣ ሐኪሟም አዎ፣ ዘይቱ ሊሆን ይችላል አለች። ማዳም ይቅርታ አላለችኝም። ግን በዚያው ቀን ለልጅቷ ብቻ የሚሆን መጥበሻ፣ ማጥለያ፣ ማንኪያና አዲስ መክተፊያ ገዝታ መጣች። የእንጨት ማንኪያና የተጫረ መጥበሻ በውስጡ ስለሚይዝ ታጥቦም አይታመንም፤ ዳቦ መጥበሻው ማሽንም እንዲሁ። ለእሷ ዕቃ ሁሉ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ከዚያ በኋላ ቀይ የተጻፈበት ቀን ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይወራውን ላውራ። ማዳም ከደነገጠች በኋላ ወደ ሌላ ጫፍ ሄደች፤ ቤቱ ውስጥ ምንም ስንዴ አይግባ አለች። ለልጅቷ ጥሩ ነው። ሚስተር ማንኡሼውን ሥራ ቦታ ይበላል፣ ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ይበላል፣ ማዳም እህቷ ጋ ትበላለች። እኔስ? እኔ በሳምንት አንድ ቀን ነው የምወጣው። ለልጅቷ የሚገዛው ዳቦ ከውጭ የሚመጣ ነው፣ ዋጋው አይነካም፣ እሱን መንካት አልችልም። የተረፈ ሩዝ ሲኖር እበላለሁ፣ ሳይኖር ሻይ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆኜ መስኮት ስወለውል ዞረብኝ፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነን።

እኛ «ራበኝ» ማለት እናፍራለን። እኔም አፈርኩ። በመጨረሻ እንዲህ አልኳት፤ «ማዳም፣ የልጅቷን ምግብ በደንብ መጠበቅ እፈልጋለሁ። ግን ለእኔ የሚሆን ምግብ የት እንደሚቀመጥ ንገሪኝ፣ ሳልበላ መሥራት አልችልም።» የልጅቷን ነገር አስቀድሜ ስላነሳሁ ይመስለኛል ሰማችኝ። በረንዳው ላይ ክዳን ያለው ሳጥን ተሰጠኝ፤ ዳቦዬ፣ ሳህኔ፣ ቢላዋዬ እዚያ ነው። እዚያው እበላለሁ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ እገባለሁ። ክረምት ላይ ይበርዳል፣ አልዋሻችሁም።

ስለ ሳህን ካነሳሁ አይቀር፤ ብዙዎቻችን ሳህናችን ለብቻ ነው፣ ኩባያችን ለብቻ ነው። ለምን እንደሆነም እናውቃለን። እኔም ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ሰማያዊ ሳህን ነበረኝ፣ ከእነሱ ጋር የማይቀመጥ። ልጅቷ ቀይ ክር ያለው ዕቃ ሲመጣላት አለቀሰች፤ እንደ ቅጣት አየችው። አንድ ቀን ወጥ ቤት መጥታ የእኔን ሳህን አየችና «በዚህ ቤት የራሳችን ሳህን ያለን እኔና አንቺ ብቻ ነን» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ፀጉሯን ዳበስኩና ድንች መላጤን ቀጠልኩ።

ወደ ዳቦው እንመለስ፣ ይሄ ይጠቅማችኋል። የውጭው ዳቦ ሲወደድ እቤት መጋገር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን እንደ ስንዴ ሊጥ አሸሁት፤ ጡብ ሆነ። ቴታ በጣቷ ቆርቆር አድርጋ «ለግንብ ይሆናል» አለች። የሩዝ ዱቄት የሚሳበው ነገር ስለሌለው ማሸት አያስፈልገውም። እኔ የማደርገው ሁለት ኩባያ የሩዝ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ የበቆሎ ስታርች፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ዛንታን የሚባል ነጭ ዱቄት (እንዳይፈረፈር የሚይዘው እሱ ነው)፣ እርሾ፣ ትንሽ ስኳር፣ ጨው፣ ሁለት እንቁላል፣ ዘይትና ለብ ያለ ውሃ ነው። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከአምባሻ ሊጥ ቀጠን ይበል። በማንኪያ መትታችሁ ቀጥታ መጋገሪያው ላይ ገልብጡት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ኩፍ ይበል፣ ከዚያ ምድጃ። ሳይበርድ አትቁረጡት፣ ውስጡ ሙጫ ይሆናል። በማግስቱ ይደርቃል፤ ስለዚህ የዕለቱን አስቀርታችሁ ሌላውን ቆራርጣችሁ ፍሪዘር።

አሁን የራሴን ጥፋት። ጤፍ ግሉተን የለውም። ይህን ስሰማ ኩራት ያዘኝ፤ ለማዳም «የእኛ አገር ዳቦ ለልጅሽ መድኃኒት ነው» ብዬ ፎከርኩ። እሁድ ስመለስ ከአንዲት ከምትሸጥ እህት እንጀራ ገዝቼ ገባሁ፣ ለልጅቷ መዳፍ የምታህል ቆርጬ ሰጠኋት። ወደደችው። በማግስቱ ታመመች። ደውዬ «ምን ጨምረሽበታል?» ስላት «ውይ፣ ስንዴ ነዋ! በዚህ ዋጋ ጤፍ ብቻ ማን ይችላል?» አለችኝ። እሷ ምን አጠፋች? እኛ ሁላችንም የምንበላው እሱን ነው። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ማዳም ገና ሳትጠይቀኝ ሄጄ ነገርኳት። ልቤ ከአፌ ሊወጣ ነበር። ጮኸች፣ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ግን ምክንያቱ ስለታወቀ ሐኪም ቤት መሮጥ፣ እንደገና ወጥ ቤቱን መፈተሽ አልመጣም። ከወር በኋላ ራሷ ንጹሕ የጤፍ ዱቄት አስመጣች። የድሮ እርሾ ስንዴ ስላለበት አይሆንም፤ በአዲስ ዕቃ፣ በአዲስ መጥበሻ፣ እርሾውን ከዜሮ አስነሳሁት። አሁን ልጅቷ እንጀራ በላብኔ ጠቅልላ ትምህርት ቤት ይዛ ትሄዳለች። ላብኔ በእንጀራ! እናቴ ብትሰማ ምን ትል ይሆን።

የእህታችን ማዳም ግን ነገሯ ሌላ ይመስለኛል፤ እሷ የተነገራት ኮሎን ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚከለከለው። እሱ አንጀትን አያቆስልም፣ ግን ይነፋል፣ ይቆርጣል። እዚያ ላይ አንድ ዘዴ አለ፦ በነጭ ሽንኩርት ውስጥ የሚነፋው ነገር በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሰሽ አውጥተሽ ጣዪው፣ ዘይቱ ሽታውን ይይዛል። ሾርባ ውስጥ ቀቅለሽ ብታወጪው ግን አይሆንም፣ ወደ ውሃው ገብቷል። ዘይቱን የዕለቱን ብቻ ሥሪ፣ ውጭ አታሳድሪው፤ ይመርዛል። የቅጠል ሽንኩርትም አረንጓዴው ጫፍ ይሆናል፣ ነጩ አይሆንም። ይህን ሁሉ ግን መጀመሪያ ከማዳምሽ ሐኪም ጋር አስማሚ፤ በእኔ ቃል ብቻ እንዳትሠሪ።

ዝርዝር ሲሰጣችሁ በዚያው ቀን ጠይቁ፦ በሽታው ምን ይባላል? ትንሽ ብትነካ ይጎዳታል ወይስ ብዙ ስትበላ ነው? ዕቃ ይለይ ወይ? እኔስ የት ልብላ? መልሱን በአማርኛ ጻፉት፣ ቀኑንም ጻፉ። ደብተሩ የእናንተ ነው፣ ሲወጡም ይዘውት የሚወጡት ነው።

ለሚቀጥለው እሁድ ከየቤታችሁ ባዶ ፓኬት ይዛችሁ ኑ፤ የሾርባ ኩብም፣ ብስኩትም፣ ምንም ይሁን። «ቀምሕ» እና «ሻዒር» የሚሉት ቃላት በዓረብኛ ፊደል ምን እንደሚመስሉ ትንሿ ልጅ በትልልቁ ጽፋ ሰጥታኛለች። እሱን ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ፓኬቱ ላይ አብረን እንፈልገዋለን።